ከላሊበላ ጉዞ በፊት ጎሚኒውን ይዩ

ለገና ቤተሰብዎን በአሮጌዋ ላንድክሩዘርዎ ይዘው ወደ ላሊበላ ሊወጡ አስበዋል? ከጋሸና ያለው 64 ኪሎ ሜትር የላስታ ዳገትና ቁልቁለት መኪናን ይፈትናል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተሠሩት ላንድክሩዘሮች ቦዲው በሻሲው ላይ የሚያርፈው በጎሚኒ ነው። ጎሚኒው በዕድሜ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ወለሉ ስር ይንኳኳል፤ በሮችም አልገጥም ይላሉ።

አንዱን ብቻ መቀየር አያዋጣም፤ አሮጌው ስለተጨፈለቀ ቦዲው ይዛባል። የዛገው ብሎን ከመፈታቱ አንድ ቀን ቀድሞ ዘይት ይጠጣ። ቦዲው በክሪክ ሲነሳ ጣውላ ይደገፍበት፤ የራዲያተሩ ጎማና የፍሬኑ ቱቦ እንዳይወጠሩ ይታዩ። በቦዲውና በሻሲው መካከል እጅ ፈጽሞ አይግባ። ጥቂት ቀን ከነዱ በኋላ ብሎኖቹን ዳግም ያስጠብቁ። ስለዚህ ሥራው ለታኅሣሥ 29 ዋዜማ አይቆይ፤ በኅዳር ይለቅ።