ለባዕድ የተለየ ጥይት

በሰው ዘንድ የቆየ አንድ ክፉ ምክር አለ፤ ይኸውም «ከወገን ጋር ሲዋጉ ልክ አለ፣ ከባዕድ ጋር ሲዋጉ ግን ልክ የለም» የሚል ነው። ይህን የሚናገሩት ያልተማሩ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ በጉባኤ ተቀምጠው ሕግ የጻፉ ሊቃውንትም ተናግረውታል።

በ1131 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1139) በሮም በላተራን የተሰበሰቡ ጳጳሳት ባለማስፈንጠሪያውን ቀስት በክርስቲያን ላይ መወርወርን አወገዙ፤ ክርስቲያን ስላልሆነው ግን ዝም አሉ። በ1710 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1718) እንግሊዛዊው ጄምስ ፓክል ላዲስ ጠመንጃው የመብት ደብዳቤ ሲያወጣ፣ ለክርስቲያን ክብ ጥይት፣ ለቱርክ ማዕዘናም ጥይት መደበ። በ1891 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1899) በሔግ ጉባኤ፣ በገላ ውስጥ እየሰፋ የሚቀደውን ዱምዱም የተባለ ጥይት ለመከልከል ሲመከር፣ የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን አርዳ ይህ ጥይት ላልሠለጠነ ሕዝብ ያስፈልጋል ብሎ ተከራከረ። ክልከላውም በፈራሚዎቹ መካከል ለሚደረግ ጦርነት ብቻ ጸና።

የዚህ ምክር ፍሬ በኢትዮጵያ ላይ በሰለ። ኢጣልያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ውል በ1917 ዓ.ም. ፈርማ ሳለች፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ ዳር በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ መርዙን ከአውሮፕላን አወረደች። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ከዛሬዪቱ ሰመራ ሩቅ ያልሆነችውን ሰርዶን የያዘው ጦሯ ስንቅና ውሃ ይወርድለት የነበረው ካውሮፕላን ነው። እንግዲህ የአንድ መንግሥት አውሮፕላን ለወገን ጥም ውሃ፣ ለባዕድ ውሃ መርዝ አወረደ! ምክንያቷም፣ ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ተኩሰዋል፣ የተማረከ አውሮፕላን ነጂም ገድለዋል የሚል ነበር። ነገር ግን በተከዜ መርዙ የወረደው ነጂው ከመያዙ በፊት ነው። የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስቴርም ጋዙ መጣሉን ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ላይ አገሩን የሚወድ ሰው «እንግዲያስ ወራሪ ሲመጣ እኛም በእጃችን የገባውን ሁሉ እንተኩስ» ይል ይሆናል። አገርን መጠበቅ የተገባ ነው፤ ይህን የሚነቅፍ የለም። ዳሩ ግን የቆሰለ ወታደር ከውጊያ ወጥቷል፤ ከዚያ በላይ የሚጨመርበት ሥቃይ ለአገር አንዲት ክንድ መሬት አያተርፍም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 20 የተከበበች የጠላት ከተማ የፍሬ ዛፍ እንዳይቆረጥ ያዝዛል። የጠላት ዛፍ እንዲህ ከተከበረ የጠላት ሥጋማ እንዴት ይናቃል?

ደግሞስ ባዕድ የሚባለው ማን ነው? ድንበሩ በአንድ ስፍራ አይቆምም፤ ዛሬ ከባሕር ማዶ ያለው ነው፤ ነገ ከወንዝ ማዶ ያለው ይሆናል። በጥር 2014 ዓ.ም. በአፋር ምድር በአብዓላ ከተማ ላይ ከባድ መሣሪያ ሲወድቅ፣ የሚዋጉት ያንድ አገር ልጆች ነበሩ። በባዕድ ላይ ሁሉ ይፈቀዳል ብሎ የተማረ እጅ፣ ወንድሙን ባዕድ ብሎ መጥራት ብቻ ይበቃዋል።

ስለዚህ የመሣሪያ ሕግ በሟቹ ዘርና ሃይማኖት የሚለካ ከሆነ ሕግ አይደለም፤ ንቀት ነው። የንስሐ አባትም ከዘመቻ የተመለሰውን ልጁን «ማንን ገደልህ?» ብቻ ሳይሆን «በምን ገደልህ?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል።