ጭብጨባው ምን ይሸፍናል?

ባለፈው እትማችን አንድ ወንድማችን «ዲግሪ ይዞ ካሜራ መሸከም» በሚል ርእስ የጻፈውን ሁላችሁም አንብባችሁታል። አንዳንዶቻችሁ በምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይ እያነሣችሁት ስትሥቁም ሰምቻለሁ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይኼ ነው፦ በሕዝብ ቴሌቪዥን ውስጥ የሚያስበው ሪፖርተሩ ነው፤ ካሜራማኑ ትከሻ ነው፤ ኤዲተሩ ጣት ነው። እንግዲህ የተማረ ሰው ዜና አንባቢ ለመሆን ይጣር እንጂ ትራይፖድ ተሸክሞ ከባለሥልጣን ኋላ መሮጥ አይገባውም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታው ነቅዞ ብዙ ሰው ጎድቷል። ከተጎዱት አንዱ ይኼው እኛ የምንማርበት የወሎ ደጋ ነው። ስለዚህ መልስ መስጠት ግድ ሆነብኝ።

አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ትከሻና ጣት የተባሉት ሁለቱ ሰዎች ናቸው ዜናውን የሚሠሩት። ዜናው እውነት ሲናገር በእነሱ እጅ ነው፤ ሲዋሽም በእነሱ እጅ ነው። «ታዛዦች ናቸው» ብለን ስንንቃቸው ሥራቸውን ብቻ አይደለም የምናዋርደው፤ ከተጠያቂነትም ነፃ እናወጣቸዋለን። ለውሸት ከዚህ የበለጠ ምን ይመቸዋል?

እስቲ በመጀመሪያ ሥራውን እንወቀው። ካሜራማኑ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞ ይቀርጻል። ማታ የሚተላለፈው ዜና አንድ ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው። ከዚያች ላይ ለተናጋሪው የሚደርሰው አሥር ወይም አሥራ አምስት ሰከንድ ነው። የቀረውን ሁሉ ኤዲተሩ ይጥለዋል። መጣሉ ኃጢአት አይደለም፤ ሳይቆረጥ የሚቀርብ ዜና የለም። ነገር ግን ሰው ሲናገር መሐሉን ቆርጠህ ሁለቱን ጫፍ ብታገናኘው ሥዕሉ ይዘላል። ወደ ግራ ያዘነበለው ራስ ድንገት ወደ ቀኝ ይሆናል። ተመልካቹም ምንም ባይማር «እዚህ ጋ ተቆርጧል» ብሎ ያውቃል። ስለዚህ በስፌቱ ላይ ሌላ ሥዕል ይደረባል፦ ማስታወሻ የሚጽፍ እጅ፣ ራሱን የሚነቀንቅ ሽማግሌ፣ የሚያጨበጭብ አዳራሽ። ድምፁ ከሥር ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ ስፌቱ አይታይም። እናንተ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ «ሰውየው እንዲህ አለ» ትላላችሁ።

እንግዲያው ማንም ተማሪ ዜና ሲያይ ሊጠይቀው የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ። ጭብጨባው ምን ይሸፍናል?

ይህንን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ከጥቂት ዓመት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ጣቢያ ለሁለት ወር ያህል የካሜራ ረዳት ሆኜ ሠርቼ ነበር። ባትሪ እሞላለሁ፣ ትራይፖድ እሸከማለሁ፣ ማይክ እይዛለሁ። አንድ ቀን ከመካነ ሰላም ወጥተን ወደ ደንቆሮ ጫካ በሚወስደው ደጋ ላይ አንድ አባወራ ከበሬዎቻቸው ጋር አገኘን። ማይኩን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ያሉትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦

«ዘሩ ደርሶናል፣ መንግሥትን እናመሰግናለን፤ የደረሰን ግን በልጉ ካለፈ በኋላ ነውና፣ እኔ የዘራሁት ከጎረቤት ተበድሬ ነው፤ አሁን ብድሩን በምን እንደምከፍል አላውቅም።»

ማታ በዜናው የወጣው «ዘሩ ደርሶናል፣ መንግሥትን እናመሰግናለን» የሚለው ብቻ ነው። ከዚያ ጭብጨባ። ልብ በሉ፣ ሰውየው ማሳቸው ላይ ከሁለት በሬ ጋር ብቻቸውን ነበሩ። ጭብጨባው ከየት መጣ? ከየት እንደመጣ እኔ አውቃለሁ። ኤዲተሩ «አንተ ልጅ፣ ጭብጨባ አምጣልኝ» ብሎኝ፣ ካለፈ ስብሰባ ፈልጌ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ማንም እንድዋሽ አላዘዘኝም። «ትንሽ ረዘመ» ነው የተባለው።

ወር ያህል ቆይቶ ሰውየውን በገበያ ቀን መካነ ሰላም ላይ አገኘኋቸው። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ያን ዕለት የተናገርሁት ሌላው ወዴት ገባ?» አሉኝ። ዜናውን ሻይ ቤት ተቀምጠው ከሰው ጋር አይተውታል። ዘር ያበደራቸው ጎረቤትም አይቶታል። «ለእኔ ሲሆን ዘር አጣሁ፣ ለቴሌቪዥን ሲሆን ደረሰኝ ትላለህ?» ብሏቸዋል። እንግዲህ አስቡት። ሰውየው እውነቱን ተናግረው ነበር። በአገራቸው ሰው ፊት ውሸታም ያደረጋቸው የእኛ መቀስ ነው። እኔ ምን ልመልስላቸው? አንገቴን ደፋሁ።

ወንድማችን ሆይ፣ ይኼ የጣት ሥራ ነው ትላለህ?

«አንድ ሰው ላይ የደረሰ ነገር ነው፤ ምን ያህል ያካብደዋል» የሚል አይጠፋም። ደህና፣ እንግዲያው ወደ ኋላ ሄደን የዚህን ካሜራ ታሪክ እንየው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተወለደው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት። ቀለም ያለው ሥርጭት የመጣው በኢሠፓ ምሥረታና በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሰሞን ነው። ልደቱ ለዘውዱ፣ ቀለሙ ለፓርቲው። ካሜራው ከመጀመሪያው ጀምሮ የለመደው መንገድ ወደ በዓሉና ወደ አዳራሹ የሚወስደውን ነው።

በእነዚህ በሁለቱ በዓላት መካከል ወሎ ምን ሆነ? በ1965 ዓ.ም. ሕዝቡ በረሀብ ሲያልቅ፣ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡት ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ ታይቶ ነበር። ሥዕሉ ከአገር ልጅ እጅ ነበረ ማለት ነው። ከግቢ አጥር ግን አላለፈም። ዓለም የሰማው እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሀብ» ያለውን ፊልም በጥቅምት 1966 ለንደን ላይ ካሳየ በኋላ ነው። የራሳችን ካሜራ የት ነበር?

ያው ፊልም ወደ አገሩ የተመለሰበት መንገድ ደግሞ ለኤዲቲንግ ተማሪ ሁሉ ትምህርት ነው። በ1967 ዓ.ም. በዕለተ እንቁጣጣሽ ማታ ደርግ ፊልሙን በቴሌቪዥን አሳየ። እንዳለ ግን አላሳየውም። በረሀብተኛው መሐል የቤተ መንግሥት ድግስ እየገባ ተሰፍቶ ነበር። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ረሀቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን የሰፋው መቀስ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው። እኔ ለዙፋኑ ጥብቅና አልቆምም። የምለው ይኼን ነው፦ በዚያች ሌሊት ሥልጣን የያዙት ሰዎች ኤዲተር «ጣት» አለመሆኑን ከእኛ በፊት አውቀውታል።

ስላወቁትም ነው ከአሥር ዓመት በኋላ የሆነው የሆነው። የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በ1976 መጋቢት ላይ ረሀቡን አስታውቆ እርዳታ ጠይቆ ነበር። ነገር ግን የአሥረኛው ዓመት በዓል እስኪያልፍ ድረስ የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከለከሉ። የእኛው ቴሌቪዥን ሰልፉን በአዲሱ ቀለም አሳየ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የኬንያው መሐመድ አሚን በያኔው የወሎ ክፍለ ሀገር፣ ኮረም ላይ የቀረጸውን ቢቢሲ በማይክል በርክ ዘገባ አስተላለፈ፤ ዓለም ተነሣ። ረሀብን በማሳየት የመጣ መንግሥት ረሀብን ሸፍኖ በዓሉን አከበረ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሁለት ጊዜ ተደበቀ፤ ሁለቱንም ጊዜ የገለጠው የሌላ አገር ካሜራ ነው። እኔ እንደ ወሎ ልጅ በዚህ አፍራለሁ።

«ይኼማ ያለፈ ታሪክ ነው» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ይላል። በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በዐዋጅ ተቋቁሟል። ክልሉም ባሕር ዳር ላይ የራሱ ጣቢያ አለው። ፊልም የነበረው ካሴት ሆነ፣ ካሴቱ ጥፍር የምታህል ካርድ ሆነች። የጎደለን ዐዋጅም ዕቃም አይደለም። እስቲ ዛሬ ማታ ቴሌቪዥን ክፈቱና ስብሰባውን ቁጠሩ። ከዚያ ቦረና፣ ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከላላ የሚለውን ስም ስንት ቀን ጠብቃችሁ እንደምትሰሙ ቁጠሩ። ካሜራ ያለ ስብሰባ ወደ እኛ ደጋ የሚመጣው ለቀይ ቀበሮውና ለጭላዳው ነው። ቢመጣ ደስ ይለናል፤ ፓርኩ ኩራታችን ነው። ነገር ግን ጭላዳው ሣር ሲነጭ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳይቆረጥ ይታያል፤ ከፓርኩ ግርጌ ያለው ገበሬ ግን «ግን» ሲል ይቆረጣል። ጭላዳ መሆን ይሻላል ማለት ነው?

የጥንቱ መኳንንት እንኳን «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። የሕዝቡን ልብ የሚያውቁት በአዳራሽ ጭብጨባ ሳይሆን በመስክ በሚዜመው እንደሆነ ገብቷቸዋል። ስንት ካሜራ ይዘን ከእነሱ አነስን።

ሌላው መከራከሪያ የስልክ ነው። «ዛሬ ሁሉም በስልኩ ይቀርጻል፣ የሕዝብ ቴሌቪዥን ምን ያደርጋል?» ይላሉ ጓደኞቼ። እኔም ስልክ አለኝ፤ እወደዋለሁ። ነገር ግን በስልክ የሚደርሰን ሥዕል ቀንም ቦታም የለው፤ የአምናው የዘንድሮ ይሆናል፣ የሌላ አገር ሬሳ የእኛ ተብሎ ያስለቅሰናል። ደግሞስ በሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ስልክ ከኪሳችን ውስጥ ድንጋይ ሆኖ አልነበረም ወይ? ቀኑን፣ ቦታውንና የቀረጸውን ሰው ስም ይዞ የሚቆም፣ ቢሳሳት የሚከሰስ የሕዝብ ካሜራ ያስፈልገናል። ቴሌቪዥኑ በእኛ ገንዘብ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ የመጠየቅ መብት አለን።

ምን እንጠይቅ? ነቀፋ ብቻ ይዤ አልመጣሁም። አራት ነገር አቀርባለሁ።

1. ጥሬው ሥዕል አይጥፋ። የተቆረጠው ሁሉ ለተወሰነ ጊዜ ይቀመጥ። የተናገረው ሰው «ሙሉ ቃሌን አሳዩኝ» ሲል የሚታይለት ነገር ይኑር።

2. ካለፈ ስብሰባ የመጣ ሥዕል ሲገባ ቀኑና ቦታው ይጻፍበት። የአዲስ አበባ ጭብጨባ በመካነ ሰላም ማሳ ላይ አይሰማ።

3. የካሜራማኑና የኤዲተሩ ስም በዜናው ላይ ይውጣ፤ ለክብርም ለተጠያቂነትም። በ1983 አዲስ አበባ ላይ የጥይት ግምጃ ቤት ሲፈነዳ መሐመድ አሚን ክንዱን አጣ፤ አብሮት የነበረው ድምፅ ቀራጭ ጆን ማታይ ግን ሕይወቱን ነው ያጣው። አሚንን ሁላችንም እናውቃለን። ከእናንተ መካከል ጆን ማታይን የሰማ ማን ነው?

4. «ግን» አይቆረጥ። ከአራቱ ይኼ ዋናው ነው። ሰው ከ«ግን» በፊት የሚናገረው ይሉኝታ ነው፤ አገራችን የጨዋ አገር ስለሆነ አመስግኖ ነው የሚጀምረው። ዜናው ያለው ከ«ግን» በኋላ ነው። ጊዜ ካጠረ ምስጋናውን ቁረጡት። መንግሥት አንድ ምስጋና ቢቀርበት አይሞትም።

አሁን ወደ ወንድማችን ልመለስና ላብቃ። ካሜራ መሸከም ውርደት ነው ብለሃል። እኔ ደግሞ እልሃለሁ፦ የተማረው ሁሉ ወደ መስተዋቱና ወደ ከረባቱ ሲሮጥ፣ መቀሱ «ትንሽ ረዘመ» ለሚል ሰው ይቀራል። እኔ ራሴ ያንን ጭብጨባ ፈልጌ ሳመጣ ትንሽ ሰው ያደረገኝ ትራይፖዱ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። «ይኼ ጭብጨባ የዚህ ቦታ አይደለም» ለማለት አፌ መያዙ ነው። ያችን አንድ ዐረፍተ ነገር ለመናገር የሚችል ሰው በኤዲቲንግ ክፍሉ ውስጥ ያስፈልጋል። ከዚህ ግቢ ካልወጣ ከየት ይመጣል?

የአባወራውን ዕዳ እኔ መክፈል አልችልም። ቃላቸውን ግን ተበድሬ ነበርና፣ ቴሌቪዥኑ ያስቀረባቸውን ሙሉውን፣ «ግን»ን ጨምሬ፣ በዚህች በምትባዛ ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። የሚቀጥለው የገበያ ቀን አንድ ቅጂ ይዤላቸው እወርዳለሁ። ለጎረቤታቸውም ያነብቡለታል።