«ልግዛ?»

ባለፈው እሑድ ከቤይሩት ስልክ ተደወለልኝ። ታላቅ እህቴ ናት። ከባሕር ፊት ለፊት በተሠራ ፎቅ ላይ የሰው ቤት ስታጸዳ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ባሕሩን የምታየው መስታወት ስትወለውል ብቻ ነው። «ወንድም ዓለም፣ አያት አካባቢ ቦታ ተገኝቷል ይሉኛል፤ ልግዛ?» አለችኝ።

አያት ባሕር የላትም። ያላት ከሰሜን ከኮረብታዎቹ የሚወርድ ብርድ፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ጦር ኃይሎች ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መነሻ፣ ደግሞም ማለቂያ የሌለው የግንባታ አቧራ ነው። ሆኖም የባሕር ዳር ነዋሪዋ እህቴ የምትናፍቀው ይህንኑ አቧራ ነው።

እኔ ቀን ቀን የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ስለዚህ ጥያቄዋ በሁለት በኩል አስጨነቀኝ። የላቧ ዋጋ አሳሰበኝ፤ «ልግዛ» ያለችው ግሥም አሳሰበኝ።

በአገራችን መሬት አይገዛምና። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የጋራ ንብረት ነው አለ። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ፈቀደ። እንግዲህ በሊዝ የምንከፍለው ለዘመን እንጂ ለአፈር አይደለም።

አፋችን ግን ይህን አልተቀበለም። «ርስት» የሚለው ቃል ከሕጉ ቢወጣም ከልባችን አልወጣም። ደላላው ይህን ያውቃል። ከከተማው ዳር ባለ እርሻ ላይ ገመድ ዘርግቶ «ካርታው በሂደት ላይ ነው» ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ይህን አምኖ የእናቱን ወርቅ ሸጠ፤ በሌሊት ሁለት ክፍል አቆመ። እንዲህ ያለውን ቤት ሕዝቡ «የጨረቃ ቤት» ይለዋል፤ ስሙ ግጥም ይመስላል፣ ፍጻሜው ግን ዶዘር ነው። በእጁ የቀረው ውልም አልረዳውም፤ ባዶ መሬት ለመሸጥ የተጻፈ ውል በሕግ ፊት አይጸናም።

ሕጉን የሚነቅፉ አሉ፤ መሬት ያልያዘ ሰው ከስደት ተመልሶ ምን ላይ ይቆማል ይላሉ። የሚደግፉትም አሉ፤ ገበሬው በችግር ቀን ማሳውን ሸጦ እንዳይበተን ይጠብቀዋል ይላሉ። ገደብ ያለውም በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በሜክሲኮ ከባሕር ጠረፍ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ባለው ክልል የውጭ ዜጋ ለመኖሪያ የሚሆን መሬት በስሙ መያዝ አይችልም፤ ባንክ በአደራ ይይዝለታል። እኔ በዚህ ክርክር ዳኛ አልሆንም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ቢያንስ ግሡን እናርመው። «ገዛሁ» ብሎ የሚጀምር ሰው ምን እንደገዛ አይጠይቅም፤ ያልጠየቀም ይከስራል።

ያው አንቀጽ 40 በንዑስ ቁጥር 7 ግን ሌላ ነገር ይላል፦ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የገነባው የራሱ ነው፤ ይሸጠዋል፣ ይለውጠዋል፣ ያወርሰዋል። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ግጥም ትዝ ይለኛል። በእኛ ቋንቋ የስንኝ መድረሻ ድምፅ «ቤት» ይባላል። አማርኛን የገዛ ባለቅኔ የለም፤ ቃሉ የሁላችን ነው። በቃሉ ላይ ያቆመው ቤት ግን የእርሱ ነው።

ለእህቴም እንዲህ ብዬ መለስሁላት፦ «እህት ዓለም፣ ባዶ ቦታ አትግዢ። ካርታ ያለው፣ የቆመ ቤት እንፈልግ። ካርታውን መጀመሪያ በክፍለ ከተማው እናስመርምር፤ ውሉንም በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት እንፈራረም። ይህ ሳይሆን ለማንም አንዲት ሳንቲም አትላኪ።»

ዝም አለች። ቆይታም «ታዲያ መሬቱ የእኔ አይሆንም ማለት ነው?» አለች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መልሴን በወረቀት ላይ አሰፈርሁ፦

አፈሩ የሁሉም፣ ሰማዩም የጋራ፤
የኔ የምለው ግን በእጄ የተሠራ።
ዘጠና ዘጠኙ ዘመን ካላነሰሽ፣
እህት ዓለም ነዪ፣ ጎጆሽ ይቀበልሽ።