«የአምባሰል ንግስት» ብሎ መገላገል

እስቲ ሆጤ ሜዳ ዳር ቁጭ ያለ ወጣት ጠይቁ፡፡ ስለ ሪሃና ከባርቤዶስ እስከ መዋቢያ ንግዷ ይዘረዝርላችኋል፡፡ ስለ ማሪቱ ለገሰስ? «የአምባሰል ንግስት ናታ!» ብሎ ይገላገላችኋል፡፡ እኔም ከዚህ የተሻልኩ አልነበርኩም (ያውም ጋዜጠኝነት ተምሬ!)፡፡

ንግስትነቷ አያከራክርም፡፡ ችግሩ ማዕረጉ ሥራዋን መሸፈኑ ነው፤ ልክ የወሎ አየር ብቻውን ያዘፈናት ይመስል፡፡ ማሪቱ ግን ሠርታ ነው ያደገችው፡፡ በደርግ ዘመን በወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ውስጥ ዘፍናለች፤ ኋላም አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖራለች፡፡ እና የቡድኑ አባላት እንዴት ተመለመሉ? ደሞዛቸው ስንት ነበር? አምባሰልን፣ ባቲን ማን አስጠናቸው? ካሴት ሲሸጥ ለዘፋኙ ምን ደረሰው? ይኼን የሚጠይቅ የለም፤ ሁላችንም ማድነቅ ላይ ነን፡፡

ሆላንዶች አንድሬ ሃዜስ የሚባል ዘፋኝ ነበራቸው፡፡ በልጅነቱ አምስተርዳም ውስጥ አልበርት ካውፕ ገበያ ላይ የዘፈነ የሰፈር ልጅ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2004 ሞተ፤ በዓመቱ ሐውልቱ እዚያው ገበያ ላይ ቆመ፡፡ ሐውልቱ አይደለም ያስቀናኝ፡፡ ከየት እንደጀመረ አለመረሳቱ ነው፡፡

ከማሪቱ ጋር መድረክ የተጋሩ ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፡፡ መቅረጫው ደግሞ ሁላችንም ኪስ ውስጥ አለ፡፡ ሰፈራችሁ የድሮ የኪነት አባል ካለ ቡና ይፈላ፣ ስልኩ ይከፈት፡፡ ከደሞዙ ጀምሩ፡፡