ቆሞ የሚሠራ፣ ሲሮጥ የሚጠፋ

ተራራ ፊት ቆማችሁ ስትጮኹ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ በአማርኛ «ገደል ማሚቶ» ይባላል። ሶናር የሚሠራውም በዚሁ ነው። ትራንስዲዩሰር የሚባል ትንሽ ዕቃ ከጀልባው ሥር ሆኖ ወደ ታች ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ የሐይቁን መሬት ነክቶ ይመለሳል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ የፈጀው ጊዜ ጥልቀቱን ይናገራል።

ባለፈው ሐምሌ አባቴ ሊጠይቀኝ ሲያትል መጥቶ ነበር። አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ ገዝቼ ሶናሩን ራሴ ስለገጠምኩ፣ ላሳየው ወደ ዋሽንግተን ሐይቅ ወሰድኩት። ቆመን ሳለ ስክሪኑ 9 ሜትር አለ። ፍጥነት ስንጨምር ግን ቁጥሩ እዚያው 9 ላይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ፤ የሶፍትዌር ስህተት መሰለኝና «ቤት ስገባ አድሰዋለሁ» ብዬ ተውኩት። ፍጥነት ሳልቀንስ ወደ ዳር ስጠጋ ሞተሩ ጠጠር መታ። ስክሪኑ አሁንም 9 ይላል። አባቴ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጦ ዝም አለ።

ለካ ብልጭ ድርግም ማለቱ «መሬቱ ጠፍቶብኛል» ማለት ኖሯል። 9 መጨረሻ ላይ ያየው ቁጥር ነው።

ቤት ገብተን ኮምፒውተሬን ስከፍት አባቴ፣ ዕድሜውን ጋራዥ ውስጥ የኖረ ሰው፣ «ቆሞ እየሠራ ሲሮጥ እምቢ የሚል ከሆነ ኮምፒውተሩ ምን አደረገህ?» አለኝ። ጎንበስ ብሎ የጀልባውን ኋላ አየ። ትራንስዲዩሰሩን የገጠምኩት ከሪቬቶች መደዳ በስተኋላ፣ ያውም ፕሮፔለሩ አጠገብ ነበር። ጀልባው ሲሮጥ ሪቬቶቹ ውሃውን እየረበሹ አረፋ ይፈጥራሉ። አረፋ ደግሞ አየር ነው፤ የሶናሩ ድምፅ አልፎት አይሄድም።

አዲስ ቦታ ፈለግን። ፕሮፔለሬ ከኋላ ሲታይ እንደ ሰዓት ስለሚዞር ቀኝ ጎን ይሻላል፤ ክንፎቹ በዚያ በኩል ወደ ታች ስለሚወርዱ አረፋው ይቀንሳል። ከፕሮፔለሩ 40 ሴንቲሜትር ያህል ራቅን፤ ከፊቱ ሪቬት የሌለበት ለስላሳ ቦታ መረጥን። የትራንስዲዩሰሩን ፊት ከጀልባው ሆድ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ዝቅ አደረግነው። ከዚያ በላይ ከወረደ ውሃ ይረጫል።

«ትራፓኖ አምጣ» አለኝ አባቴ። ትራፓኖ ድሪል ነው፤ ከጣሊያንኛ የመጣ የጋራዥ ቃል። እኔ ግን ጀልባውን ዳግም መብሳት ፈርቼ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ወፍራም የፕላስቲክ ሰሌዳ አጣበቅንና ትራንስዲዩሰሩን እሱ ላይ በቪቴ አሰርነው። የድሮዎቹን ቀዳዳዎች ውሃ በማያስገባ ማሸጊያ ደፈንናቸው።

ቅዳሜ ተመልሰን ወጣን። ፍጥነት ስጨምር አባቴ ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ አልነቀለም። «11» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «12»።