የወጣቱ ተመራጭ መለኪያ

ተማሪዎች፣ ከእናንተ በዕድሜ ጥቂት የሚበልጥ ወጣት በይፋት ቆላ፣ በሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ ለቀበሌው ምክር ቤት ተመረጠ እንበል። ንግግሩ ያማረ ነው፤ ጭብጨባም አይነፈገውም። እኔ ግን ይህን ወጣት የምመዝነው በበጋ፣ የሮቢ ወንዝ ሲሳሳ ነው። ሽንኩርት አልሚው ገበሬ ውኃ የሚጠልፈው በተራ ነውና፣ አጎቱ የባልቴቲቱን ተራ ቀምቶ ማሳውን ሲያጠጣ ወጣቱ ዝም ካለ ንግግሩ ምን ይጠቅማታል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 12፣ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ለማንሣት እንደሚችል ይደነግጋል። ይሁን እንጂ በሠርግም በለቅሶም የማይለዩትን ጎረቤት ማንሣት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይከብዳል። እናንተም 18 ዓመት ሲሞላችሁ መራጮች ናችሁ። ስለዚህ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁት፦ «አጎትህ ያለ ተራው ቢጠልፍ ምን ታደርጋለህ?»