በልጆች ጨዋታ ሜዳ ዳር ለዳኛ ስለሚገባ ክብር

ልጅን ወደ ጨዋታ ሜዳ መላክ ሰውነቱን ለማጠንከር ብቻ አይደለም። ለሕግ መታዘዝን፥ ከባልንጀራ ጋር መተባበርን፥ ሲያሸንፉ አለመኩራትን፥ ሲሸነፉም አለመቈጣትን ይማር ዘንድ ነው። ይህንም ትምህርት የሚሰጠው አሠልጣኙ ብቻ አይደለም፤ በሜዳው ዳር የቆሙት አባትና እናት በሚያሳዩት ጠባይ ያጸኑታል ወይም ያፈርሱታል። ስለዚህ ዛሬ ወላጆች የልጆቻቸውን የእግር ኳስ ግጥሚያ ሲመለከቱ ለዳኛው ሊሰጡት ስለሚገባ ክብር ጥቂት ለመናገር አሰብን።

የዳኛ ክብር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን ሁለት ባለጋሮች በመንገድ ሲጣሉ አላፊ አግዳሚውን ዳኛ አድርገው ነገራቸውን ያሰሙት ነበር። «በሕግ አምላክ» የተባለም ሰው ቊጣው ቢነድድ እንኳ ከቆመበት አይነቃነቅም ነበር። አባቶቻችንም «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ብለዋል።

በእግር ኳስም ጥንት ነገሩን የሚያዩት ከሁለቱ ወገን የተመረጡ ሁለት ሸምጋዮች ነበሩ፤ ዳኛው የሚጠየቀው እነርሱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1891 ዓ.ም. ግን ዳኛው ወደ ሜዳው ገብቶ ፍርዱን ራሱ እንዲሰጥ ተደነገገ። ዛሬም የጨዋታው ሕግ በጨዋታ ውስጥ ስለ ተደረገው ነገር ዳኛው የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ይላል።

ከዳር ሆኖ የሚጮኸው ወላጅ ብዙ ጊዜ እውነትን የተናገረ ይመስለዋል። ነገር ግን ዓይኑ የሚከተለው ልጁን ነው። ለምሳሌ ከጨዋታ ውጭ የሚባለው ጥፋት የሚመዘነው ኳሱ ከባልንጀራው እግር በተነሣበት ቅጽበት ተጫዋቹ በነበረበት ስፍራ እንጂ ኳሱን በተቀበለበት ስፍራ አይደለም። ከዳር የቆመው ሰው የሚያየው ግን መቀበሉን ነው። እንዲሁም ዳኛው ጥፋት አይቶ ፊሽካውን ሳይነፋ ቢያልፍ፥ ጨዋታው ቢቀጥል ለተበደለው ወገን የሚበጅ መሆኑን አስቦ ሊሆን ይችላል።

ደግሞም የልጆችን ግጥሚያ ከሚዳኙት ብዙዎቹ ራሳቸው ወጣቶች ናቸው። በእንግሊዝ አገር ከ14 ዓመት ጀምሮ ዳኝነትን መማር ይፈቀዳል። የዚያው አገር የእግር ኳስ ማኅበር በ2008 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር «ክብር» የሚል ዘመቻ ጀምሮ፥ ተመልካቾች ከሜዳው ዳር በተከለለ መሥመር በስተኋላ እንዲቆሙ፥ ዳኛውንም የሚያነጋግረው የቡድኑ አለቃ ብቻ እንዲሆን አሳሰበ። ስድብ የጠናበት ወጣት ፊሽካውን ጥሎ ቢሄድ፥ በሚመጣው ሳምንት ልጆቻችንን ማን ይዳኛቸዋል?

በተለይም በመሥሪያ ቤቱ ሥልጣን ያለው አባት ይህን ያስተውል። በቢሮው አዛዥ ቢሆን በሜዳው ዳር ተመልካች ብቻ ነው። ማዕርጉን ተመክቶ ወጣቱን ዳኛ ቢያስፈራራ፥ ልጁ የሚማረው ሕግ ለትልቅ ሰው እንደሚያጐነብስ ነው።

እንግዲህ ወላጅ ከመሥመሩ አይለፍ፤ ለሁለቱም ወገን መልካም ጨዋታ ያጨብጭብ፤ ትእዛዝ መስጠትን ለአሠልጣኙ ይተው። ዳኛም ሰው ነውና ሊሳሳት ይችላል፤ አቤቱታ ያለው ሰው ጨዋታው ካለቀ በኋላ በአሠልጣኙ በኩል በጨዋነት ያቅርብ። ወደ ቤት ሲመለሱም ዳኛውን ማማት ይቅርና «ዛሬ ምን ተማርህ?» ብሎ ልጁን መጠየቅ ይሻላል።

ዛሬ በሜዳ የሚሮጠው ልጅ ነገ ወይ በዳኛ ፊት ይቆማል፥ ወይ ራሱ በፍርድ ወንበር ይቀመጣል። ለሁለቱም የሚያዘጋጀው ዛሬ ከእኛ አፍ የሚሰማው ቃል ነው።